ስሙ ብቻ የተረፈ ቅጂ

“ክፈት! ክፈት እንጂ፣ አንተ ግትር!” አለችው ኮምፒውተሩን፣ ሰው የምትቆጣ ይመስል።

ኮምፒውተር ጠጋኟ የማጫወቻውን ምልክት ደግማ ነካች። መስመሩ ሊነሳ ብሎ እዚያው ዜሮ ላይ ቆመ። የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቅላ ሰካች። ከዝርዝሩ ሌላ ፋይል ስትከፍት፣ “ሚጣዬ፣ ጥርስ ሳይታጠብ አልጋ የለም፤ ዋ! አይቼሻለሁ!” አለ የባሏ ድምፅ። ሻከር ቢልም ክፍሉን ሞላው። ማጉያው ደህና ነው ማለት ነው። ወደ መጨረሻው ፋይል ተመለሰች። ስሙ “ለሷ” ይላል። የተቀዳበት ቀን ተጽፏል። መጠኑ ግን ዜሮ ነው።

“ወይ ጉዴ!” አለች፤ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ሰው ኮምፒውተሩን ታቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሲመጣባት “አይዞህ፣ አይጠፋም” ስትል የኖረች ሴት ናት። ሱቋ የመኖሪያ ቤታቸው የፊተኛው ክፍል ነው፤ መደርደሪያው ሆዳቸው በተከፈተ ማሽኖች ተሞልቷል። ዛሬ ግን አይዞሽ ባይዋ ራሷ አይዞሽ የሚላት አጣች።

ባሏ በአውቶቡስ መናኸሪያ የሚገባውንና የሚወጣውን አውቶቡስ በማይክ የሚጣራ ሰው ነበር። ጡሩምባ ይሉታል። ማይኩ ሲበላሽ አለቆቹ አይደነግጡም፤ በርጩማ ላይ ያቆሙታል፣ በቃ። ቤትም ያው ነው። “ጡሩምባ ‘ጨው አቀብዪኝ’ ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከዚያ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ብርድ ነው ተባለ፣ አቧራ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ ያየውን ክፉ ነገር ሳይሸሽግ ነገራቸው። የድምፅ ሳጥኑ ካልወጣ አይተርፍም። ከወጣ ደግሞ አንገቱ ላይ በሚከፈትለት ቀዳዳ ይተነፍሳል እንጂ ዳግመኛ አይናገርም።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ማሽን ቤቴ ተከምሮ ምን ይሠራል?” አለች ያን ጊዜ ጠጋኟ። ማይክ አምጥታ ባሏን ሱቋ ውስጥ አስቀመጠችው። ትንንሹን ነገር ሁሉ ቀዳ፤ ደህና እደሪውን፣ ምሳ ቀርቧል ኑ የሚለውን፣ ሚጣ ስታለቅስ የሚያባብልበትን፣ ሳቁን። ሚጣ ትንሿ ልጃቸው ናት። አባቷ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ በየምሽቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። ከሆስፒታል ሆኖ የሚያናግራት ይመስላታል። ያረማት ሰው የለም።

የመጨረሻውን ለመቅዳት ሲዘጋጅ ሚስቱን አስወጣት።

“አንቺ እያየሽኝ ይሄን አልልም። ውጪ!”

“ምን ልትል ነው?”

“ያገባሁት ሚስት ነው ወይስ መርማሪ? ውጪ ብዬሻለሁ!”

እየሳቀች ወጣች። ከበሩ ውጪ ሚጣን አቅፋ ስትቀመጥ ድምፁ በሩን አልፎ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማታል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ብዙ ተናገረ። አንዳንዴም ዝም ይላል። እና ድርግም! መብራት ሄደ።

“ጨርሼ ልዘጋው ስል እኮ ነው!” ብሎ ጮኸ ከጨለማው ውስጥ።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለትንሽ ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ነበራት። ግን ሞቶ ከርሟል። የደንበኞቿን ባትሪ ስትለውጥ የራሷን ነገ ነገ እያለች ነው። ደግነቱ መብራቱ ሳይቆይ መጣ፤ ኮምፒውተሩም ቶሎ ተነሳ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ጥቂት መስመሮች ሽው ብለው አለፉ። ዲስኩ የራሱን ማስታወሻ አንብቦ የተናጋውን እያስተካከለ ነበር። ዝርዝሩን አየች። ሁሉም ስም በየቦታው አለ። “ለሷ” የሚለውም ከታች ተቀምጧል።

“ልድገመው እንዴ?” አላት።

“ለምን ትደክማለህ? ይሄ መብራት መጥፋት የሚፈራ ማሽን አይደለም። ሁሉም አለ።”

“እንግዲያው ከሆስፒታል የምወጣ ዕለት ጠዋት ስሚው። ከዚያ በፊት ብትከፍቺው ግን አልምርሽም።”

በማግሥቱ ሆስፒታል ገባ። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ ስንት ጊዜ እጇ ወደዚያ ፋይል እየሄደ መለሰችው። ምነው ቃሏን ባፈረሰች! ያኔውኑ ከፍታው ቢሆን ባሏ ገና አፍ ነበረው፤ ይደግምላት ነበር።

ስልኳን አንስታ ሥራውን ያስተማራት የድሮ አለቃዋ ጋ ደወለች።

“ጋሼ፣ መጠኑ ዜሮ የሆነ ፋይል አጋጥሞኛል።”

“መብራት ሄዶብሽ ነበር?”

“ሄዶብኛል። ግን ጆርናሉ አስተካክሎታል። ዝርዝሩም ሙሉ ነው።”

“ዝርዝሩማ ሙሉ ይሆናላ!” ብሎ ሳቀ ሰውየው። “ጆርናል ምን ያደርጋል ብዬ ነው ያስተማርኩሽ? ዲስኩ አንድ ነገር ከመነካካቱ በፊት ‘ይሄን ላደርግ ነው’ ብሎ ይጽፋል። መብራት ሲመለስ የጻፈውን ያነባል። ያለቀውን ያጸናል፣ በእንጥልጥል የቀረውን ይጥላል። በዚህ ቤቱ አይፈርስም። ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የቤቱን ነገር ነው፤ ስሙን፣ ቦታውን። ውስጡ ያለውን አይደለም። እና ምን ሆነሽ ነው? ይሄን እኮ አንቺ ለሰው የምታስተምሪው ነገር ነው።”

“አውቃለሁ ጋሼ። ስሙን ሳይ ጊዜ አለ አልኩ።”

“ውስጡን ሳታዪ? የማን ፋይል ነው?”

“የባሌ። ድምፁ ነው።”

ሰውየው ሳቁን ዋጠ። የባሏን ነገር ሰምቷል።

“የጠፋ ፋይል የሚቆፍር ፕሮግራም አይጠፋም አይደል?” አለች፤ መልሱን እያወቀች።

“ልጄ፣ ዲስክ ላይ ያልደረሰ ነገር አይቆፈርም። ድምፁ ገና ሚሞሪው ላይ ነበር። ሚሞሪ ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አትድከሚ።”

ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። አፏን በክንዷ ይዛ፣ ከጓዳ ሚጣ እንዳትሰማት እየተጠነቀቀች።

የባሏ ታላቅ እህት የመጣችው እንባዋን ሳትጠርግ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች። ወንድሟን ከሆስፒታል ለማውጣት አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።

“ምን ሆነሻል? ወንድሜ ደህና አይደለም እንዴ?”

“ደህና ነው እትዬ። ለእኔ የቀዳው ጠፍቶብኝ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተረፈው። እሱ ደግሞ ዛሬ ሰምታዋለች ብሎ እየጠበቀ ነው።”

እትዬ ነጠላ ጫማዋን ያየች መስላ አንገቷን ደፋች። “እና ልትነግሪው ነው?”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ተይ እንጂ! ዛሬ በሚወጣበት ቀን? ድምፁን ቀብሮ ገና ሐዘኑ ያልወጣለትን ሰው፣ የቀረችውንም አጣሁብህ ልትዪው? ሰምቼዋለሁ በይው። ሆድ ይፍጀው።”

“ምን እንዳለኝ እንኳ ሳላውቅ?”

“እሱ ያውቀዋል። አንቺ ብቻ እሺ በይው፤ አፈር ስሆን!”

ሚጣ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። “አባዬ ዛሬ ይመጣል?”

“ይመጣል” አለች እናቷ። ለጎረቤት አደራ ሰጥታት ወጡ።

ጡሩምባ ለባብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። ከሥሩ በየትንፋሹ የምትንሿሿ ድምፅ ትሰማለች። ሚስቱን ሲያይ ፈገግ አለና ትንሿን ነጭ ሰሌዳ አነሳ። ቀድሞ ጽፎባት ቆይቷል።

“ሰማሽው?”

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እትዬ ከኋላዋ ጎኗን ነካ አደረገቻት። የባሏን ዓይን አየች፤ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ነው። አንጀቷን በላት።

“ሰምቼዋለሁ።”

ፊቷን ሲመረምር ቆየ። ከዚያ ሰሌዳውን በመዳፉ ጠርጎ “እሺ በይኛ” ብሎ ጻፈ።

“እሺ” አለች።

ትከሻው ወረደ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እጇን ስቦ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲህ ዕረፍት ያገኘ ፊት አላየችበትም። እሺታዋ ግን አንዴ ወጥቷል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ደግሞ ለምኑ እንደ ወጣ እንኳ አታውቅም። ይህን እያሰላሰለች ሳለ ነርሷ ጥጥና ቱቦ የያዘ ከረጢት ይዛ ገባች፤ ሚስቱን አልፋ ለእትዬ ሰጠቻት።

“ቀዳዳውን ጠዋትና ማታ ያጸዱለታል፣ እንዳሳየሁዎት። ትንፋሹን የሚያረጥበውን ጨርቅ እንዳይረሱ።”

“ለእኔ አሳዪኝ እንጂ። ሚስቱ እኔ ነኝ” አለች ጠጋኟ።

ነርሷ ግራ ገብቷት ሁለቱንም አየቻቸው። “እህቱ ጋ ነው የሚቀመጠው ብለውኝ እኮ ነው እሳቸውን ያሠለጠንኳቸው።”

ጠጋኟ ክው አለች። እትዬን ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

“ምንድነው ይሄ?”

“አንቺ እሺ ብለሽ የለ?”

“ለምኑ ነው እሺ ያልኩት?”

“ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማናል። ሚጣ እንዲህ ሆኖ እንድታየው አልፈለገም። ትፈራኛለች አለ። እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ለሚጣ ሩቅ አገር ለሥራ ሄደ ይባላል። ማታ ማታ ድምፁ አለላት። ‘ድምፄ ይበቃታል’ ነው ያለኝ። በሞቴ፣ እኔ አይደለሁም ይሄን ያሰብኩት! ለምኖኝ ነው። ‘በቅጂው እነግራታለሁ፤ ሚስቴ እሺ ካለች ብቻ ነው’ አለኝ።”

“እስከ መቼ?”

“እስኪለመድ።”

“ማን እስኪለምድ?”

እትዬ ከረጢቱን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

ጠጋኟ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያ ሁሉ ጥርስ ታጠቢ፣ ደህና እደሪ፣ ምሳ ቀርቧል፣ እሷ ማጽናኛ ሲመስላት እሱ ምትኩን ሲያዘጋጅ ኖሯል። ማይኩን ያመጣችው ደግሞ እሷ። ተናደደች፤ በእሱ፣ በእትዬ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። ተመልሳ ገባችና አልጋው አጠገብ ቁጭ አለች።

“አልሰማሁትም” አለችው። “ሰምቼዋለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። መብራቱ ሲሄድ አብሮ ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት። ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው።”

መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ አፉን ከፈተ። ሊጮህ ነበር፤ ያ መናኸሪያውን ያናውጥ የነበረ አፍ ተከፍቶ፣ ከሻርፑ ሥር ብቻ አየር ሲያፏጭ ተሰማ። ሳል ያዘው። ጀርባውን ልትደግፍ ስትል እጇን ገፋት። ሳሉ ሲተወው ሰሌዳውን አንስቶ፣ እስክሪብቶው እስኪንጫጫ ተጭኖ ጻፈ።

“ልድገመው ብዬሽ ነበር።”

“ብለኸኝ ነበር። አያስፈልግም ያልኩህ እኔ ነኝ።”

እንባዋ ሰሌዳው ላይ ዱብ ዱብ ሲል አላበሰችውም። እሱም አለቀሰ። ድምፅ የሌለው የወንድ ልቅሶ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ሁለቱም እስኪወጣላቸው ማንም አላቋረጣቸውም፤ እትዬም በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

“አሁን ንገረኝ” አለችው በመጨረሻ። “በጽሑፍም ቢሆን።”

ሰሌዳዋ ትንሽ ናት፤ እየጻፈ፣ እያስነበበ፣ እየጠረገ ነገራት። “አባዬ ጡሩምባ ብላኝ ነው የምትስቀው።” ጠረገ። “ይሄን ፉጨት ሰምታ ብትሸሸኝ አልችለውም።” ጠረገ። “እህቴ ጋ ልሂድ። የሚቀርባት ያ ድምፅ ይሁን።”

“ያን ሁሉ ሰዓት ያወራኸኝ ይሄን ብቻ ነበር?”

“ሌላም ነበር።”

“ምን?”

እስክሪብቶውን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። አንድ ፊደል ጀምሮ አጠፋው። ሌላ ጀመረና እሱንም አጠፋው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። “ይሄ በጽሑፍ አይሆንም” አለ ሰሌዳው።

ይኼኔ ነው የጠፋው ነገር በትክክል የገባት። ሃያም ሰሌዳ ቢሞላ የማይመለስ ነገር ነው። ባሏ ለእሷ ብቻ ብሎ በዚያ ድምፅ የተናገረውን፣ በሩ ላይ ተቀምጣ ቃሉ ሳይለይላት ያደመጠችውን፣ እስክትሞት አትሰማውም።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

“ያኛውን እሺ መልሼ ወስጄዋለሁ፤ ሳልሰማ ያልኩት ስለሆነ አይቆጠርም። አሁን ሰምቼ ነው የምመልስልህ። እሺ። እህትህ ጋ ሂድ። ቤቱ ያንተ ነው፣ ባሻህ ቀን ትመጣለህ። ግን ሚጣን ሩቅ አገር ሄደ ብዬ አልዋሻትም። ዛሬ አንድ ጊዜ ዋሽቼ ምን እንዳመጣ አይተኸዋል። አባትሽ አይናገርም እላታለሁ። ልየው ካለችኝም በር ላይ ቆሜ አልከለክላትም።”

እትዬ “ኧረ አንቺ…” ብላ ጀምራ ተወችው። ጡሩምባ ሰሌዳውን ምንም ሳይጽፍበት በእጅጌው ጠራርጎ ሻንጣው ውስጥ ከተተውና ተነሳ። ተስማምቶ ይሁን ተቀይሞ አልለየላትም። ሻንጣውን እሷው ተሸክማ እሱንና እትዬን የሚወስደው ታክሲ ድረስ ሸኘችው። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ አያት፤ እጁን ግን አላወዛወዘም።

ቤት ስትደርስ ሚጣ ከጎረቤት ቀድማት ገብታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።

“አባዬስ?”

“ነይ እስቲ ወደ ጓዳ።”

“ይመጣል ብለሽኝ አልነበር?”

“ብዬሽ ነበር። አክስትሽ ቤት ነው ያለው።” ከልጇ ጋር አልጋው ላይ ተቀመጠች። “ሚጣዬ፣ ጉሮሮው ውስጥ የሚያመውን ሲያወጡለት ድምፁም አብሮ ወጣ። አባዬ ከእንግዲህ አይናገርም።”

“ትናንት ማታ አናግሮኛል እኮ!”

“እሱ ድሮ የተናገረው ነው። ማሽኑ ይዞልሽ ነው። አሁን አባዬ የሚጽፍ እንጂ የሚናገር አይደለም። እዚህ ጋ፣ አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በሱ ነው የሚተነፍሰው። ሲተነፍስ ያፏጫል።”

ሚጣ የራሷን አንገት ዳበሰች።

“ያማል?”

“አሁን ብዙ አያመውም።”

“አንቺ ፈራሽ?”

“መጀመሪያ ቀን በጣም ፈራሁ። አሁን ለምጄዋለሁ።”

ልጅቷ አለቀሰች። እናቷ አላባበለቻትም፤ አቅፋት ብቻ ቆየች። ጎረቤት በራፉ ላይ ብቅ ብላ ሁኔታውን አየችና ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። ሚጣ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት አፍንጫዋን በእናቷ ቀሚስ ጠረገች።

“ግን ይሰማል?”

“ማን? አባዬ?”

“እኔ ስናገር ይሰማኛል?”

“አንቺ ስትናገሪማ ጥርት አድርጎ ይሰማል።”

“ታዲያ እኔ አወራለታለኋ!” አለች ሚጣ፣ ትልልቆቹ እንዴት ይሄን እንዳላሰቡት የገረማት መስላ። ከአልጋው ወርዳ አንድ እግር ጫማ ይዛ መጣች። “አንዱ ጠፍቷል። ፈልጊልኝ፣ እንሂድ።”

ጠጋኟ ወደ ውጪ አየች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የእትዬ ቤት ሩቅ ነው፤ በዚህ ሰዓት የታክሲው ሰልፍ ያስመርራል። ነገ ብትላት ሚጣ እሺ ትላለች፤ ነገ ላይ ደግሞ ሌላ ነገ አይጠፋም። በእህቱ በር ላይ ሲያያቸው ምን እንደሚሆን አሰበች፤ ያ አፍ እንደገና ተከፍቶ አየር ብቻ ሲያፏጭ፣ ሚጣም እጇን አስለቅቃ ስትሸሽ ታያት። ሊሆን ይችላል። ፈራች። ያም ሆኖ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከችና እጇን አልጋው ሥር ሰድዳ ሁለተኛውን እግር ጫማ መፈለግ ጀመረች።